ኮከብ ስንት ይመዝናል?

አንድ ፊልም «ዘጠና ከመቶ አገኘ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የትምህርት ቤት ፈተና ነው። የቁጥሩ ታሪክ ግን ሌላ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 የኒውዮርኩ «ዴይሊ ኒውስ» ጋዜጣ ሃያሲ አይሪን ቲረር ፊልሞችን በኮከብ መመዘን ጀመረች። ሦስት ኮከብ ግሩም፣ ሁለት ጥሩ፣ አንድ መናኛ ማለት ነበር። ፍርዱም ኃላፊነቱም የእሷው ነው። በ1955 የፓሪሱ «ካዬ ዱ ሲኔማ» መጽሔት የአሥር ሰዎችን ፍርድ በሠንጠረዥ ጎን ለጎን ማውጣት ያዘ። አንዱ ያወደሰውን ሌላው ሲያጣጥለው አንባቢ በዓይኑ ያይ ነበር።

በ1998 የተመሠረተው «ሮተን ቶሜቶስ» የተባለው የኢንተርኔት ገጽ ግን ክርክሩን ሁሉ ወደ አንድ መቶኛ ጨመቀው። መቶኛው የሚቆጥረው ፊልሙን የወደዱትን ሃያሲያን ብዛት እንጂ የመውደዳቸውን ልክ አይደለም። አሥር ሃያሲያን «ደህና ነው፣ ይታያል» ቢሉ ፊልሙ 100 ያገኛል። አምስቱ «ድንቅ ሥራ ነው» ብለው አምስቱ ቢያወግዙት 50 ላይ ይቀራል፤ ከ60 በታች ነውና «የበሰበሰ» ይባላል።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የሚጎዳው ደፋሩና አከራካሪው ፊልም ነው። ማንንም የማያስቀይመው በሰላም ያልፋል። ስለዚህ «ስንት አገኘ?» ከማለታችን በፊት «ማን ሰጠው? ስለምን?» ብለን ብንጠይቅ ይበጃል።