«ተጋላጭ» ማለት ምን ማለት ነው?

«ተጋላጭ» የሚለው ቃል መሠረቱ «ገለጠ» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ይህም የተሸፈነን ከፈተ፣ ክዳኑን አነሣ ማለት ነው፤ ከዚሁ የወጣው «ተጋለጠ» ደግሞ መከታ አጥቶ ለነፋስ፣ ለፀሐይ ወይም ለአደጋ ፊት ለፊት መሆንን ያመለክታል። ቃሉ በባሕርዩ «ለ» የሚለውን መስተዋድድ ይሻል፤ በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለ ቤት ለጎርፍ ተጋላጭ ነው ሲባል አደጋው ወዲያው ይታወቃል። በማኅበራዊ ድጋፍ አነጋገር ግን «ተጋላጭ ሕፃናት» ብቻ ተብሎ «ለምን?» የሚለው ሲቀር፣ ከውጭ የመጣው አደጋ የልጁ ጠባይ መስሎ ይታያል፤ ይህም ቀላል ስሕተት አይደለም።

አቃቂ ቃሊቲን በመሰለ ፋብሪካና የኪራይ ቤት በበዛበት ክፍለ ከተማ፣ ወላጅ ከሥራ ሲቀነስ ወይም ሲታመም በመጀመሪያ የሚነሣው ክዳን የቤተሰቡ ገቢ ነው፤ ልጁም ከትምህርት ቀርቶ ለጉልበት ሥራ ወይም ለጎዳና ኑሮ ሊጋለጥ ይችላል። ስለዚህ «የጉዳይ አያያዝ» የሚባለው የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ ተግባር፣ ማለትም የአንድን ቤተሰብ ችግር ቤቱ ድረስ ሄዶ አጥንቶ፣ ከሚገባው አገልግሎት ጋር አገናኝቶ መከታተል፣ የሚጀምረው ያንን የጎደለ «ለ» በመሙላት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ ወላጆቹን ወይም ሕጋዊ አሳዳጊዎቹን የማወቅና የእነርሱን ክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ መከታው በቅድሚያ ሊጠገን የሚገባው ቤቱን በማጽናት እንጂ ልጁን ከቤቱ በማውጣት አይደለም። በገዛ ቤቱ ውስጥ ለጥቃት የተጋለጠ ልጅ ግን ሌላ መከታ፣ የዘመድ ወይም በጊዜያዊነት የሚያሳድገው የአደራ ቤተሰብ፣ ያስፈልገዋል።