ባለ ቀለም ክርና ነጭ ሸማ

ከደጀን ተነሥቶ ቢቸናን አልፎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጉንደ ወይን ትገኛለች። ደጋው የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ከደጋው ሥር ቁልቁል የተዘረጋው የዓባይ ቆላ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ጥጥ የሚበቅልበት ስለ ሆነ፣ የምሥራቅ ጎጃም ሰው ልብሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ በሴቶች እጅ በእንዝርት ተፈትሎ በልቃቂት ይጠቀለላል፤ ከዚያም ወደ ሸማኔው ቤት ይሄዳል። አንድ ቀሚስ የሚወጣው ሸማ መሸመኛው ላይ ከመውጣቱ በፊት የፈታይዋን የብዙ ሳምንታት ምሽት ይበላል። ያ ሁሉ ድካም ግን ከሞላ ጎደል በሰፈር ውስጥ ተጀምሮ በሰፈር ውስጥ የሚያልቅ ነበር።

በሰፈር ውስጥ የማያልቀው አንድ ነገር ቢኖር ጌጡ ነው። ሸማው ነጭ ነው፤ ጥለቱና ጥልፉ ግን ቀለም ይፈልጋሉ። አክርማና ስንደዶ አቅልመው ሞሰብ የሚሰፉ እጆች በየቤቱ እያሉ፣ እጥበትን የሚችል ቀይና ሰማያዊ የጥጥ ክር በብዛት ማውጣት ግን የአገሩ ልማድ አልነበረም። ስለዚህ የሸማው ድርና ማግ ከደጅ ሲገኝ፣ የጥልፉና የጥለቱ ክር ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ይህ ልዩነት ትንሽ ይምሰል እንጂ ዛሬ በቤቷ የጥልፍ መኪና ላይ የተቀመጠች ሴት ከሱቅ ክር ስትመርጥ የሚገጥማት ችግር ምንጩ እዚሁ ላይ ነው።

በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደርን የጎበኘው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እንደ ጻፈው፣ የአገሩ ሸማኔዎች ከሕንድ ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ ይገዙና ክሩን እየተረተሩ መልሰው በራሳቸው ሸማ ውስጥ ይሸምኑት ነበር። የተሠራን ጨርቅ አፍርሶ ክር ማድረግ ለዛሬ ሰው ብክነት መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ሥራው ማስተዋል የሞላበት ነበር። ተተርትሮ የሚወጣው ክር ቀድሞ የተነከረና የታጠበ፣ በባሕርና በበረሃ መንገድም የተፈተነ በመሆኑ፣ ቀለሙን የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ሸማኔው ገና ሳይገዛው ባወቀበት ነበር።

ባለጸጎች የሚጠለፉበት ክር ግን ሐር ነበር። ሐር ከቻይናና ከሕንድ ተነሥቶ በምጽዋ በኩል ይገባል፤ ከዚያም በሲራራ ነጋዴዎች ጭነት ወደ ጎንደርና ከጎንደር ወደ ጎጃም ገበያዎች ይወርዳል። ክርስቲያኑ በአንገቱ የሚያስረው ሰማያዊ ማተብ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ከባዕድ ሐር የሚገመድ ነበር። በለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየምና በቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም የሚገኙት በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር እንደ ተሠሩ የሚታመንባቸው ታላላቅ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃዎች ክራቸው ከውጭ የመጣ ሐር ነው። ሞጣ ጊዮርጊስን ያሳነጹት ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ናቸውና፣ የጎንደር ቤተ መንግሥት የልብስ ወግ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚደርስበት መንገድ ሩቅ አልነበረም ለማለት ይቻላል።

ከዚያ ዘመን ወዲህ ካሉት ማስረጃዎች ለዚህ ነገር በይበልጥ የሚናገረው በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሚገኘው የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ቀሚስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ንብረቶች መካከል የሆነው ይህ ቀሚስ የጥጥ ጨርቅ ሆኖ በሐር የተጠለፈ ነው። አንድ ልብስ ላይ ሁለት ዓለም ተገናኝቷል፤ ጥጡ የገበሬ ሀብት፣ ሐሩ የባሕር ነጋዴ ሸቀጥ። በእጥበት ጊዜ ሁለቱ ጠባያቸው አንድ አይደለም። ጥጥ ሲርስ ይበረታል፤ ሐር ሲርስ ይደክማል። የቀድሞዎቹ ጠላፊዎች ይህን በእጃቸው ያውቁት እንደ ነበር አያጠራጥርም፤ የሐር ጥልፍ ያለበት ልብስ ለበዓል እንጂ ለዕለት ሥራ የማይለበሰው በክብሩ ብቻ ሳይሆን በውኃው ፍራቻም ጭምር ነው።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ የክር ነገር መልኩን እየለወጠ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን መርሰር እ.ኤ.አ. በ1844 የጥጥ ክር በብርቱ የሶዳ ውኃ ሲነከር እንደሚጠነክርና ቀለም አጥብቆ እንደሚይዝ አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ሆራስ ሎው ክሩን ወጥሮ በዚያው ውኃ ቢነክረው እንደ ሐር እንደሚያብረቀርቅ አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ አገር ከእንጨት ጭማቂ ቪስኮስ የተባለ ሰው ሠራሽ ሐር ተገኘ፤ ሬዮን የሚባለው ክር ዘሩ ከዚህ ነው። ፖሊስተር የመጣው ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። እንዲህ ሆኖ የሐር መልክ ከሐር ተለይቶ ለድኻም በሚሆን ዋጋ ገበያ ላይ ዋለ።

የጥልፍ መኪናም ከዚህ የራቀ ታሪክ የለውም። ሙሉዝ በተባለችው የአልዛስ ከተማ ጆዙዌ ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1828 ብዙ መርፌዎችን ባንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ የጥልፍ መሣሪያ ሠራ፤ ስዊሳዊው ኢሳክ ግሮብሊ እ.ኤ.አ. በ1863 በመወርወሪያ የሚሠራውን አመጣ። እነዚህ የፋብሪካ መሣሪያዎች ነበሩ። ወደ ቤት የገባው አሜሪካዊው አይዛክ ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1851 የባለቤትነት መብት ያወጣበት የስፌት መኪና ነው። በኢትዮጵያም ስሙ የድርጅት ስም መሆኑ ቀርቶ «ሲንጀር» ማለት የስፌት መኪና ማለት እስኪሆን ድረስ ተስፋፋ። በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ በየገበያው ጥግ፣ በየሱቁ በረንዳ ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ጨርቁን የሚረግጠው እግር ከተነሣለትና ሸማው በክብ ክፈፍ ከተወጠረ፣ ያው የስፌት መኪና የጥልፍ መኪና ይሆናል። ክፈፉን በሁለት እጅ እየመሩ በመርፌው ሥር መስቀልና ሐረግ መሳል ብርቱ ልምድ ይጠይቃል፤ ሥዕሉ ያለው በመኪናው ውስጥ ሳይሆን በሠራተኛው ክንድ ውስጥ ነውና። ሥዕልን በማስታወሻው ይዞ በራሱ የሚጠልፍ የቤት መኪና በዓለም ገበያ የታየው ገና እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

የመኪናው መምጣት በፈታይዋ ላይ ያደረሰው ነገር ብዙም ሲነገር አይሰማም። በእጅ ጥልፍ ዘመን በቤት የተፈተለ ክር ከወፈረም ከቀጠነም በመርፌ ቀዳዳ እስካለፈ ድረስ ያገለግል ነበር። መኪናው ግን እንዲህ ያለውን ክር አይቀበልም። የላይኛው ክር በስፌቱ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት በመርፌው ዐይን ውስጥ በብዙ ዐሥር ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ጉጥ ያለበት ወይም ሳይገመድ በነጠላው የቀረ ፈትል በዚህ ምልልስ ይላጣል፤ ቀጥሎም ይበጠሳል። በመሆኑም መኪናው በገባበት ቤት ሁሉ የእንዝርቷ ክር ከጥልፉ ወጥታ በሸማው ብቻ ተወሰነች። ባለ ቀለሙ ክር ከሩቅ መምጣቱ ቀድሞ ልማድ ነበር፤ ከመኪናው በኋላ ግን ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ምርጫው ከዚህ ይጀምራል። በሱቅ መስኮት ላይ የተደረደሩት ጥቅሎች ሁሉም ያብረቀርቃሉ፤ ሁሉም ለዐይን አንድ ይመስላሉ። ሬዮን ከሁሉ ይልቅ ለስላሳና ደማቅ ነው፤ በመርፌውም ሥር በቀላሉ ይፈስሳል። ሲርስ ግን ከብርታቱ ብዙውን ያጣል፤ በረኪናም ይጎዳዋል። ፖሊስተር ፀሐይንም በረኪናንም ይችላል፤ ውኃም አያደክመውም። ነገር ግን ድርቅ ያለ ስለ ሆነ በስስ ነጠላ ላይ ተጨናንቆ ሲጠለፍ ጨርቁን ይሰበስባል። የተመረሰረ የጥጥ ክር ድምቀቱ ያነሰ ቢሆንም ከሸማው ጋር አንድ ሥጋ ነው፤ አብሮት ይታጠባል፤ አብሮት ያረጃል። በሸማኔዎች ዘንድ ሳባ የሚባለው አብረቅራቂ ክር ለጥለት የተወደደ ነው። በመሸመኛ ላይ ያማረ ክር ሁሉ ግን በመኪና መርፌ ያምራል ማለት አይደለም፤ በጥለት ውስጥ ክሩ ተኝቶ ይቀመጣል፣ በመኪና ውስጥ ግን ይሮጣል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው የጥቅሉ ቁጥር ነው። 40 የሚል የተጻፈበት ክር 60 ከሚለው ይወፍራል። ቁጥሩ የሚናገረው 1 ኪሎ ግራም ክር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነው፤ 40 ማለት በግምት 40 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ክሩ ይቀጥናል። ለጥልፍ የተለመደው 40 ሲሆን፣ ከሥር የሚመጣው ክር 60 ወይም ከዚያ የቀጠነ ነጭ ቢሆን ጥልፉ ከጀርባው አይወፍርም።

ከቁጥሩም ከድምቀቱም በላይ የሚከብደው ግን የቀለሙ ነገር ነው። አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ባዘቶውን ራሷ ፈትላ፣ ለሸማኔ ከፍላ ያሠራችውን ሸማ ለጠላፊዋ ታስረክባለች። ጠላፊዋ የምትጨምርበት ክር ዋጋው ከዚያ ሁሉ ድካም ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ሆኖም ቀዩ ክር በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙን ቢለቅ የሚጠፋው ክሩ ሳይሆን ሸማው ነው። ነጭ ሸማ ላይ የተሰራጨ ቀይ ደግሞ በእንዶድም በሳሙናም አይመለስም። የጠላፊዋ ስም በገበያ የሚነሣውና የሚወድቀው በዚሁ ነው፤ በትንሽ ከተማ ውስጥ የተበላሸ ቀሚስ ባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪዋንም ያስጠራል። ስለዚህም ጥንቁቋ ጠላፊ ከአዲስ ጥቅል ሁሉ አንድ ክንድ ያህል ትቆርጣለች፤ በሙቅ የሳሙና ውኃ ነክራ በነጭ ጨርቅ መካከል ታሻለች። ጨርቁ ከቀላ ጥቅሉ ምንም ያህል ቢያምር ለነጭ ሸማ አይሆንም። ለጥቁር ከፈይ ሊሆን ይችላል። ይህች ፈተና የብሩስ ዘመን ሸማኔ ከሱራት ጨርቅ ላይ በመተርተር ያገኘውን ዋስትና በሌላ መንገድ የምትመልስ ናት።

ሸማውም ቢሆን እንደ ቀድሞው አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣልያን በተገኘው የጦርነት ካሣ የተቋቋመው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለዚህ አውራጃ ቅርብ ነበር። በፋብሪካ የተፈተለ ድር በየሸማኔው ቤት ሲለመድ፣ ድሩ የፋብሪካ ማጉ የእጅ የሆነ ሸማ እየበዛ መጣ። እንዲህ ያለው ሸማ በመጀመሪያ ሲታጠብ በርዝመቱና በወርዱ እኩል አይሰበሰብም። በላዩ ላይ የፖሊስተር ጥልፍ ካለ፣ ፖሊስተሩ ከቶ አይሰበሰብምና በመስቀሉ ዙሪያ ሸማው ይጨማደዳል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ለመኪናው ወይም ለክሩ ይሰጣል፤ ሆኖም ጥፋቱ ሸማውን ሳያጥቡ መጥለፍ ነው። አዲስ ሸማ ሳይታጠብ ንጹሕነቱ እንደ ተጠበቀ ይሰፋ የሚለው የሠርግ ልማድ ለእጅ ፈትልና ለጥጥ ክር ዘመን እምብዛም አይጎዳም ነበር፤ ለዛሬው ግን አይስማማም።

ከውኃ ፍርድ ውጭ የሚቀረው የቤተ ክርስቲያን ሥራ ብቻ ነው። በጉንደ ወይን ዙሪያ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ሞጣ ጊዮርጊስ ያሉበት አገር በመሆኑ፣ የልብሰ ተክህኖና የድባብ ጥልፍ ለአካባቢው ባለ እጆች እንግዳ አይደለም። የከፈይ ካባ እንደ ሸማ ተዘፍዝፎ አይታጠብም፤ ስለዚህ የቀለም መልቀቅ ጭንቀት የለበትም። እዚያ የሚፈተነው ሙካሽ ወይም ወርቀ ዘቦ ነው። ብረት የተጠቀለለበት ክር በተራ መርፌ ዐይን ውስጥ ሲመላለስ ልባሱ ይፋቃል፤ ውስጡ ያለው ክርም ይራቆታል። ዐይኑ የሰፋ መርፌ ይገባል፤ መኪናው በዝግታ ይረገጣል፤ የክሩም አወጣጠር ይላላል። ወፍራሙ ሙካሽ ግን በመርፌ ውስጥ ከቶ አይገባም። በከፈዩ ላይ ተጋድሞ፣ በቀጭን ቢጫ ክር ከላይ እየተያዘ በእጅ ይሰፋል፤ መኪና ባለበት ቤትም ቢሆን ይህ ሥራ እስከ ዛሬ የእጅ ነው።