የቋራዋ ልጅ በራሷ አንደበት

አፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው በአገሩ ይዞሩ ነበር ይባላል። በአንዱ ጉዟቸው ቋራ ላይ በንዳድ ታመው ወደቁ። ከተጠጉበት ቤት አንዲት ልጅ ሌት ተቀን አስታመመቻቸው። ንጉሡ ድነው ጎንደር ሲገቡ መልእክተኛ ልከው አስመጧትና አገቧት። ያቺ ልጅ እቴጌ ምንትዋብ ሆነች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ሲደርስ እቴጌይቱ በሕይወት ነበሩ፤ ይህንኑ ትረካ በመጽሐፉ አስፍሮታል።

ትረካው ያማረ ነው፤ የሚያየው ግን በንጉሡ ዓይን ነው። የሚመጣው እሱ፣ የሚመርጠውም እሱ። ልጅቷ ታስታምማለች፣ ትጠብቃለች፣ ትወሰዳለች። ምን እንዳሰበች የሚጠይቃት የለም። ለአቅመ ሔዋን መድረሷም በአንድ ነገር ብቻ ይለካል፦ በመመረጧ።

ታሪክ የመዘገበው ከዚህ እጅግ ይሰፋል። በክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ የተባሉት ምንትዋብ በእናታቸው በወይዘሮ እንኮዬ በኩል ከአፄ ሚናስ ዘር የሚወለዱ ነበሩ። በ1730 እ.ኤ.አ. በካፋ ሲያርፉ አልጋ ወራሹ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። እናቲቱ ዘውድ ደፍተው፣ በወንድማቸው በራስ ወልደ ልዑልና በቋራ ዘመዶቻቸው ተደግፈው አገር መሩ። ደብረ ፀሐይ ላይ የቁስቋምን ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት፣ በጣና ደቅ ደሴት ደግሞ ናርጋ ሥላሴን አሠሩ። ልጃቸውን ኢያሱን ቀብረው፣ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስ በ1769 እ.ኤ.አ. ሲገደል አይተው፣ በ1773 እ.ኤ.አ. አረፉ። ተረቱ ከዚህ ሁሉ ዕድሜ የያዘው የሠርጉን ዋዜማ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለውን ተረት ከሴቷ ወገን ሆኖ እንደገና መግጠም በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ የግጥም ፈለግ ሆኗል። አሜሪካዊቷ አን ሴክስተን በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መድበል የግሪም ወንድማማቾችን ተረቶች በአንዲት ጠንቋይ አንደበት ተረከቻቸው፤ ከሠርግ በኋላ አለ የሚባለውን ደስታም መረመረች። እንግሊዝ ውስጥ ካሮል አን ደፊ በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣችው መድበል የሚከፈተው ቀይ ቆብ ባጠለቀችው ልጅ ነው። በጥንቱ ተረት ከተኩላው ሆድ የሚያወጣት አዳኝ ነበር፤ በደፊ ግጥም መጥረቢያውን የምታነሳው ልጅቷ ራሷ ናት፤ ከጫካውም ብቻዋን እየዘፈነች ትወጣለች።

ለጎንደር ሴቶች ይህ ጥበብ ባዕድ አይደለም። ሰሜን ተራራ ላይ ወፍጮ ፊት የተንበረከከች ሴት የኑሮዋን ምሬት በእንጉርጉሮ ስትገጥም ኖራለች። አልቃሿ ለቅሶ ቤት ቆማ የሟቹን ሕይወት በሙሾ ትመዝናለች፤ ያላትን ሥልጣን የሰጣት ግጥሟ ነው። ልጆች ዕድሜያቸው ሳይደርስ ሲዳሩም የሠርጉ ዘፈን ከእልልታው ጋር የእናትን ቤት መለየት ያለውን ሐዘን ይዞ ነበር። በአባታቸው ከሰሜን መሳፍንት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ በገና ይደረድሩ ነበር። በጎጃም ደግሞ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዶች ብቻ ይቀመጡበት በነበረው የቅኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው አስተምረዋል።

የቋራዋ ልጅ ተረት በዚህ አንደበት ቢገጠም ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ። ያን ሁሉ ሌሊት ስታስታምም ምን ተማረች? የማታውቀው እንግዳ ንጉሥ ባይሆን ኖሮ ድካሟን ማን ያስታውስላት ነበር? ቋራን ስትለቅ ማንን ተሰናበተች? ዘውዱን ስትደፋስ ከልጅነቷ ይዛው የመጣችው ብልሃት የትኛው ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች ለዛሬ ልጆችም ይጠቅማሉ። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የተከፈተው የጤና ኮሌጅ የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ማስታመም በትምህርት የሚገኝና ደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ ሆነ። የ2000 እ.ኤ.አ. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ዝቅተኛውን የጋብቻ ዕድሜ 18 አደረገ። ሴት ልጅ የምታድግበት መንገድ በሕግና በትምህርት ቤት ሲለወጥ ተረቱ ባለበት ሊቆም አይገባም። የጎንደር ወጣት ገጣሚያት የምንትዋብን ልጅነት ከንጉሡ ትረካ አውጥተው በራሷ ድምፅ ይግጠሙት፤ መምህራንም ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ለተማሪዎቻቸው ያንብቡላቸው። ልጆቹ ያን ጊዜ የመረጠውን ብቻ ሳይሆን ያሰበችውንም ሰው ያውቃሉ።