«እምነት»፣ «ተአማኒነት» እና «ገዥነት»

«አመነ» ከሚለው ግስ እምነት፣ አመኔታ፣ ታማኝነት፣ ተአማኒነት፣ እማኝና ምእመን ወጥተዋል። ሥራቸው አንድ ስለ ሆነ ተርጓሚው አንዱን በሌላው ቦታ ሲተክል ስሕተቱ ቶሎ አይታይም።

በግእዝ «አምነ» ማመንንም መታመንንም ያቅፋል፤ «ምእመን»ም ዛሬ የሚያምነውን ሰው ብቻ ቢያመለክት በጥንቱ አገባቡ የሚታመነውንም ያመለክት ነበር። «ሃይማኖት» የሚለው ስም ደግሞ ከአራማይክ የተወሰደ ነው። በመነሻው ያለው «ሃ» የአራማይክ አድራጊ ግስ ምልክት ሲሆን፣ ግሱ ራሱ የ«አመነ» ወንድም ነው፤ ስለዚህ ቃሉ በባዕድ አገር ዞሮ የተመለሰ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል።

በችሎት «እምነት» ሌላ መልክ ይይዛል። ተከሳሽ «አመነ» ሲባል ተቃራኒው «ካደ» ነውና የእምነት ቃሉ ድርጊቱን መፈጸሙን መቀበል ነው። «እምነት ማጉደል» በሚለው የወንጀል ስም ግን ቃሉ አደራን ይመለከታል።

በነዚህ ሁሉ እምነት በአማኙ ዘንድ ያለ ነገር ነው። ተአማኒነት ግን የሚታመነው ነገር ጠባይ ነው፤ ማንም ያላመነው ሰነድ ተአማኒ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ፅንሰ ሐሳብ ከሁለቱም ይርቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ነበር። የአንድ አንቀጽ አማርኛ ሲያደናግር አጥኚው ወደ ረቂቁ ይመለሳል፤ ሆኖም ሕግ ሆኖ የጸናው አማርኛው ነው። ስለ አርቃቂው ሐሳብ የሚታመነው ጽሑፍና ዳኛውን የሚያስገድደው ጽሑፍ እዚህ ላይ ተለያዩ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 «ሃይማኖት»ንና «እምነት»ን ጎን ለጎን አኑሯል። በአንቀጽ 106 ደግሞ ለአማርኛው ቅጂ የመጨረሻውን ሕጋዊ «እውቅና» ሰጥቷል፤ በእንግሊዝኛው ትርጉም በዚሁ ቦታ የገባው ቃል ሥልጣንን የሚያመለክት ነው። «እውቅና» ከ«ዐወቀ» የወጣ በመሆኑ ከማመን ጋር አለመደባለቁ መልካም ነው። ነገር ግን እውቅና ሌላው የሚሰጠው ሲሆን፣ እዚህ የተፈለገው ቅጂው በሌሎቹ ላይ ያለው ኀይል ነው። በእኔ አስተያየት «ገዥ ቅጂ» ይሻላል፤ «ገዥ ሕግ» የሚለው አነጋገር በሕግ ሰዎች ዘንድ የተለመደ ነውና ለጆሮም እንግዳ አይሆንም። «ተአማኒ ቅጂ» ግን ከዋናው ጋር ተመሳክሮ ስሕተት ላልተገኘበት ግልባጭ ይቆይ።