በደንገል መካከል፤ ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች

የደብረ ብርሃን በሬሳ ወደ ጀማ፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ይፈስሳል፤ የአንኮበር የምሥራቅ ቁልቁለት ውሃ ግን ወደ አዋሽ ያመራል። በሁለቱም አጠገብ ደንገል የከበበው ሰፊ ሐይቅ ባለመኖሩ፥ በሣር ውስጥ ዓሣ የማጥመድን ታሪክ የሚሻ ወደ ዓባይ መነሻ፥ ወደ ጣና፥ መሻገር ይኖርበታል።

በጣና ዳር የኖሩት ነገደ ወይጦ ጥበባቸውን የመሠረቱት በደንገሉ ላይ ነው። ታንኳቸውን የሚሠሩት ከእርሱ፥ ዓሣውን የሚያገኙትም በእርሱ መካከል ነው። ቀረሶ ጥልቀት በሌለውና ሣር በበዛበት ዳርቻ ይራባል፤ አምባዛም ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወዳጥለቀለቀው ረግረግ ይወጣል። ስለዚህ አጥማጁ ሐይቁን ሁሉ ማሰስ አላስፈለገውም፤ ወቅቱንና ዳርቻውን ማወቅ ይበቃው ነበር። የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ በመበተን ዓሣ ማደንዘዝም የቆየ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ትልቁን ከትንሹ ሳይለይ ስለሚፈጅ፥ ጥንታዊነቱ ብቻ ሊያስመሰግነው አይገባም።

በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገቡ። ዓሣው ለገበያ በብዛት መውጣቱ መልካም ነበር። ነገር ግን ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ሲጓዝ በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ ተዘረጋበት፤ በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከልም ቁጥሩ እጅግ አሽቆለቆለ። አሮጌው ታንኳ ይህን ያህል ጉዳት ለማድረስ አቅም አልነበረውም።

በ2004 ዓ.ም. የታወቀው እምቦጭ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሣር ነው። ደንገል ሥር ሰዶ በዳርቻ ይቆማል፤ እምቦጭ ተንሳፋፊ ስለሆነ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል፥ መረቡን ይተበትባል፥ የታንኳውንም መግቢያ ይዘጋል።