ተራ የማይጠብቅ ሰንጠረዥ

ባለፈው ጥቅምት አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ የአንድ ወዳጄ ቤት በር ላይ ስደርስ ልዋጭ ቆሟል። የቤቱ እመቤት በአንድ እጃቸው ያለቀ ጫማ፣ በሌላው አቧራ የጠጣ ሳጥን ይዘው በሳፋ ይከራከራሉ። «እማማ፣ ይሄ ካልኩሌተር ነው፤ እሱም አይሠራም። ትንሿን ሳፋ ነው የምሰጥዎት» ይላል ልጁ። እሳቸው ትልቋን ይፈልጋሉ። በዚህ መሐል ጋሼ በነጠላ ጫማ ከጓሮ እየተንደረደሩ መጡ፤ ሳጥኑን ከሚስታቸው እጅ ነጥቀው ደረታቸው ላይ ለጠፉትና ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተው ፍረደኝ! ኤርፉርት ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ጀርመናዊ ሁለተኛ እጅ የገዛሁትን፣ በሳፋ!»

ጫማው ሄደ፣ ትንሿ ሳፋ መጣች፣ ሳጥኑ ቀረ። እኔም ለምሳ ተጠርቼ የመጣሁት ሰውዬ እስከ ማታ ስለ ቼዝ ማሽን ስሰማ ዋልኩ።

ጋሼ ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ በጡረታ የተገለሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። በደርግ ዘመን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ከተላኩት አንዱ ነበሩ። ያኔ በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ነገር ይመላለስ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ምሥራቅ ጀርመንን የቡና እጥረት ሲያስጨንቃት እኛ ቡና ሰጥተን መሣሪያ ተቀብለናል። «ቡናው ሄደ፣ ጠመንጃው መጣ፤ እኔ ደግሞ ቼዝ ይዤ መጣሁ» ይላሉ ሲቀልዱ። ሳሎናቸው ውስጥ ሌላው ሰው ብርጭቆና ሲኒ የሚደረድርበት ቁም ሳጥን አለ። እሳቸው የደረደሩበት አሥራ አንድ ማሽን ነው፤ ሁሉም ቼዝ ከመጫወት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ።

ከልዋጭ የተረፈው «ኤስ ሲ 2» ይባላል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤርፉርት የተሠራ ነው። ውስጡ ያለው ፕሮግራም ግን ከአሜሪካኖቹ «ቼስ ቻሌንጀር 10» የተገለበጠ ነው። ሶሻሊዝሙም ለቼዝ ሲሆን ከጠላት ይቀዳ ነበር ማለት ነው። ከጎኑ እዚያው ከተማ በ1984 የወጣው «ቼስ ማስተር» ተቀምጧል። በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አለው፤ መሄድ የሚፈልግበትን እያበራ ያሳያል። ከሌኒንግራድ የመጣውን «ኤሌክትሮኒካ»፣ ያገኙት ቢሾፍቱ ነው፤ ሶቪየት ኅብረት ሠልጥነው ከተመለሱ የአየር ኃይል ሰው። ሙኒክ የተሠራውን «ሜፊስቶ» የእህታቸው ልጅ ከውጭ ላከላቸው። አንዱን ሞጆ ላይ ከቆራሌው ገዙት፤ ሌላውን ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ሬዲዮ ክምር ሥር አወጡት። ሻጩ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ርካሽ ነው፤ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ግን ግማሾቹ ጠጠር የላቸውም። ለአንዱ ማሽን ንጉሡ የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በ1977 እ.ኤ.አ. «ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ» የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ «ቼስ ቻሌንጀር»ን ለገበያ አወጣ። ቤት ውስጥ ተገዝቶ የሚቀመጥ የቼዝ ኮምፒውተር ሲሸጥ የመጀመሪያው ነበር። የሚገርመው፣ የመጀመሪያው ሞዴል ሰሌዳ ላይ ፊደሉና ቁጥሩ ቦታ ተለዋውጠው ታትመዋል፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙት ይህችኑ ስሕተት የተሸከመችውን ነው። በ1979 የሚናገር ወጣ። በ1982 በብረት ክንድ ጠጠሩን ራሱ አንሥቶ የሚያስቀምጥ፣ «ኖቫግ» የተባለው የሆንግ ኮንግ ኩባንያ ሮቦት መጣ። ከዚያ የግል ኮምፒውተር ተስፋፋ፤ በ1997 ደግሞ «ዲፕ ብሉ» ካስፓሮቭን አሸነፈ። አሁን የጋሼ የልጅ ልጅ ስልክ ውስጥ ያለው ፕሮግራም የዓለሙን ሻምፒዮን ይረታል። እነዚህ ሳጥኖች ሥራ ፈቱ።

ታዲያ ለምን ይሰበሰባሉ? የጋሼ መልስ ካሰብኩት የተለየ ሆነብኝ። «የዛሬው ሁሌ ይሻሻላል፤ የትናንቱ ሐሳቡ የለም። ይሄ ግን ፕሮግራሙ ላዩ ላይ ተቃጥሎ የገባ ነው፤ አይማርም፣ አይረሳም። በ1984 ሰውየው ያሰበውን ዛሬም ያስባል። የሚሳሳተውንም ያንኑ ይሳሳታል።» እውነትም በአንድ መክፈቻ ላይ የሚሠራትን ጅልነት አስቀድመው ነገሩኝ፤ ማሽኑ ሁለት ደቂቃ አስቦ ያችኑ ሠራት። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ያልበላው አእምሮ! የሚበላው ሌላውን ነው፦ ባትሪው ያፈስሳል፣ መገናኛው ይዝጋል፣ ቁልፉ ይደርቃል። ጋሼ በኮምጣጤና በጥርስ ብሩሽ ያጥባሉ።

እዚህ ላይ ነበር የድሮ የመምህርነት አመሌ የተነሣብኝ። «ጋሼ፣ ከነዚህ ውስጥ የኛን ሰንጠረዥ የሚጫወት አለ?»

ሰንጠረዥ ስል ተማሪ በማስመሪያ የሚያሰምረውን አይደለም። ቃሉ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ የቼዝ ስም ነው። ዛሬ ጨዋታው ጠፍቶ መስመሩ ቀርቷል፤ የሒሳብ መምህር «ሰንጠረዡን ሙሉ» ሲል ንጉሥና ፈረስ ትዝ የሚለው የለም። ጨዋታውን ደግሞ በውሰት «ቼዝ» እንለዋለን። ቋንቋን ለዓመታት ሳስተምር ቃል ቤቱን ለቆ ሲሄድ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ ዕቃውን ሁሉ ጥሎ የወጣ ግን ጥቂት ነው።

የሐበሻው ሰንጠረዥ እንደ ቼዝ ስምንት በስምንት ነው፤ ካሬዎቹ ግን ጥቁርና ነጭ አይደሉም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ይሰመርና ይበቃል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደር፣ ሜደቅ አለ። ፈርዝ ዛሬ ንግሥት በቆመችበት ይቆማል፤ አቅሙ ግን በሰያፍ አንድ ካሬ ብቻ ነው። ፊል፣ ዝሆኑ፣ በሰያፍ ሁለት ካሬ ይዘልላል። አውሮፓ ሕጉን በ15ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሲለውጥ እኛ ዘንድ የድሮው ቀጠለ።

ከሁሉ የሚገርመው አጀማመሩ ነው። «ወረራ» ይባላል። ተራ የለም! ሁለቱም ተጫዋቾች እንደፈለጉ፣ በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ፤ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እያየ የራሱን ያፈርሳል፣ ይሠራል። ተራ በተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። አጨራረሱም ወግ አለው። ባዶውን የቀረን ንጉሥ ማት ማለት አይቻልም። በደር ወይም በፈረስ ማት ማለት ዝቅ ያለ ነው፤ በደካሞቹ ማት ያለ ግን ይደነቃል። በ1912 እ.ኤ.አ. ስፔናዊው ቶሬስ ኬቬዶ የሠራው፣ በእርግጥ መጫወት የቻለው የመጀመሪያው ማሽን፣ ሙያው ሁሉ ብቻውን የቀረን ንጉሥ በደር ማት ማለት ነበር። አያቶቻችን ቢያዩት ያፍሩለት ነበር።

ዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥታቸው ከነበረ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። ጫጫታው፣ በዙሪያው የቆመው ሁሉ፣ አገልጋዩ ሳይቀር፣ እጁን ሰዶ ጠጠር እያነሣ «እንዲህ አድርግ» ማለቱ ገርሞታል። ሌላም ታዝቧል፦ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ በብልኀት ይደረግና ሁልጊዜ የሚያሸንፉት ራስ ናቸው። ይህችን ለጋሼ ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ። «የኔዎቹ ለራስም አይራሩም!»

ወረራውን በዝርዝር የጻፈው ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን ነው፤ እሱ በ1860 ከተገደለ በኋላ መጽሐፉ በ1868 ታተመ። ፈረንሳዊው ማርሴል ኮኸን ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጻፈ፤ መሪ በ1913 በታተመው ትልቁ የቼዝ ታሪኩ ቦታ ሰጠው። በመጨረሻም ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት ላይ ታሪኩንና ደንቡን ሰብስቦ አወጣ። ስሞቹን ልብ በሉልኝ። አንድም የኛ ሰው የለበትም። ይህን የምለው ውጭ አገሮቹን ለመክሰስ አይደለም፤ እነሱ ባይጽፉ ኖሮ ዛሬ ይህን ዓምድ የምጽፍበት ነገር አልነበረኝም። የከሰስኩት እኛን ነው። ቅኔውን በብራና፣ ዜማውን በምልክት ያኖረ ሕዝብ ይህን ለጨዋታ አልቈጠረውም መሰለኝ፤ የመኳንንት ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ማን ይጽፈዋል? እንደ እኔ ግምት የገደለውም ይኸው ነው። አዳራሹ፣ አጃቢው፣ አጨብጫቢው ሲጠፋ ጨዋታው የሚጠጋበት አጣ። የጣሊያን ወረራ ያንን አዳራሽ ካፈረሰ በኋላ የኛው «ወረራ» አላንሰራራም።

ጋሼ ጥያቄዬን አልረሱም። «ቼስ ማስተር»ን አወረዱና ሰኩ። «ፈርዝና ፊል አያውቅም፤ እሱስ ይሁን፤ ፕሮግራም ቢጻፍለት ይማራል። ግን ተመልከት።» ነጭ ወታደር ገፉ፤ መብራቱ በራ። ማሽኑ ሳይመልስ ሌላ ወታደር ገፉ። ማሽኑ ጮኸ። ሦስተኛ አነሡ፤ ያንኑ ጮኸ። «አየህ፣ ይሄ ከተራ በላይ የሚያውቀው ነገር የለም። እሱ የሚያስበው አንተ ስትቆም ነው። ያንተ ወረራ ላይ ማን ይቆማል?»

በዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ በ1984 ኤርፉርት ላይ ያሰበ ሰው ሐሳብ አለ፤ ከነስሕተቱ፣ መብራት ብቻ ይፈልጋል። በራስ ወልደ ሥላሴ ዙሪያ ሲጯጯሁ ከነበሩት የአንዱም አሰላለፍ የለንም። ደንቡ አለን። ሰንጠረዥን አሳምሮ የሚጫወት ሰው በወረራ ጊዜ የቱን መጀመሪያ ያነሣ ነበር? የተቃራኒውን ፈረስ ሲያይ ደሩን ወዴት ያሸሽ ነበር? ይህን የያዘው እጅና ዓይን ነበር፤ እሱም ከባለቤቱ ጋር ተቀብሯል።

ማታ፣ ቡና ሲፈላ፣ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለን በጠጠሮቹ ሰንጠረዥ ሞከርን። የፓንክረስትን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ንግሥቲቱን ፈርዝ፣ ቢሾፑን ፊል አልናቸው። ከዚያ ወረራ! በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለታችንም ላብ በላብ። ጋሼ በግራ ፈረሳቸውን ሲያወጡ እኔ በቀኝ እዘጋለሁ፤ እኔ ስዘጋ እሳቸው አፍርሰው በሌላ ይመጣሉ፤ እጃችን ይጋጫል። እመቤቲቱ ሲኒ ይዘው ቆሙና «ያንን ሜዳ ላይ ለምን ትተወዋለህ?» ብለው ፊሌን አነሡት። የልጅ ልጁ ከስልኩ ቀና አለ።

«ቆይ፣ አሁን ተራው የማን ነው?»

«የማንም አይደለም» አሉት ጋሼ ዓይናቸውን ሳያነሡ፤ በዚያው ቅጽበት ሜደቄን በሉብኝ። እኔ ደግሞ እጄ አየር ላይ ነበር። ወረራው ያበቃው ከእጄ በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ እራት እስኪቀርብ ተከራከርን።