ለሠርግ የተጠራ እድምተኛ ምን ይልበስ?

የጥምቀት ታቦታት ወደ መንበራቸው ከተመለሱበት ዕለት አንሥቶ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ሳምንታት በአማራ ክልል ገጠርም ሆነ ከተማ ዋነኛው የሠርግ ወቅት ናቸው። አዝመራው ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል፤ በሬው ከቀንበር ዐርፏል፤ መንገዱ ደርቋል፤ ዳስ የሚጥለው ደጋሽም ዝናብ አይፈራም። በመካከል የሚገባው የነነዌ ጾም ካልሆነ በቀር ከድግስ ወደ ድግስ የሚደረገው ጉዞ አይቋረጥም። በዚህ ወቅት አንድ ቤተሰብ ሦስትና አራት ጥሪ ሊደርሰው ይችላል። ደጋሹ ስለ ጠላውና ስለ ፍሪዳው ሲጨነቅ፣ ተጠሪው ደግሞ የልብስ ሳጥኑን ከፍቶ «ምን ለብሼ ልሂድ?» ይላል።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም በብዙ ገበሬ ቤት መልሱ እህል ያለጊዜው ከጎተራ ያስወጣል። ጥር ምርቱ በአንድነት ወደ ገበያ የሚጎርፍበት ወር በመሆኑ የእህል ዋጋ ዝቅ ይላል፤ ያው ጤፍ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢወጣ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ያወጣ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቀን ልብስ ሲባል በጥር የተሸጠ ኩንታል ዋጋው ሁለት ጊዜ ይከፈላል፦ አንድ ጊዜ በልብስ መደብሩ፣ ሌላ ጊዜ በክረምት ቀለብ ሲያልቅና እህል ሲሸመት። ከዚህም የሚብሰው «የምለብሰው የለኝም» ብሎ ከወንድም ልጅ ሠርግ መቅረት ነው። ቀሪው በልብሱ አፍሮ ቢቀርም፣ ደጋሹ የሚተረጉመው ግን ንቀት አድርጎ ነው፤ በዚህ የተነሣ ዓመታት የዘለቀ ቅያሜ የሚታወቅባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

በነባሩ ልማድ የእድምተኛ ልብስ የሚመዘነው በአዲስነቱ ሳይሆን በንጽሕናው፣ ለቦታው በመስማማቱና በአለባበሱ ሥርዓት ነው። በሚገባ የታጠበ የአምስት ዓመት ነጠላ ከመደብር ትናንት ወጥቶ ቦታውን ከሳተ ልብስ ይልቅ ያስከብራል።

ነጠላ፣ ኩታና ጋቢ

ነጠላ ስሙ አንድ እጥፍ ያስመስለዋል እንጂ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድርብ የሆነ ስስ የጥጥ ሸማ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ኩታ ደግሞ ወንዶች ለክብር ቀን ከእጀ ጠባብ ወይም ከሙሉ ልብስ በላይ የሚደርቡት ነው። እነዚህ ከሳጥኑ ውስጥ ካሉ የአለባበሱ ዋና ነገር ተሟልቷል ማለት ይቻላል፤ የሚቀረው እንዴት እንደሚደረቡ ማወቅ ነው።

የነጠላ ጥለት አቀማመጥ የለባሹን ሁኔታ ይናገራል። በደስታ ቀን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ እንዲታይ ይለበሳል። በሐዘን ጊዜ ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትና ፊት አጠገብ ይሆናል። በከተማ ያደገ ወጣት በችኮላ ነጠላውን አዘቅዝቆ ዳስ ቢገባ ከባልቴቶቹ አንዷ ተነሥታ ሳትናገር ታስተካክልለታለች፤ ደጋሾቹ ግን ለቅጽበትም ቢሆን መደንገጣቸው አይቀርም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መስቀለኛ ይጣፋል። ለማስተናገድ የተነሣ ሰው፣ እንዲሁም በታላላቆች ፊት የሚቆም፣ ያደገድጋል። እስክስታ የምትወርድ ሴትም ነጠላዋን ወገቧ ላይ ትታጠቃለች፤ ትከሻዋ ይፈታል፣ ሸማውም ከእግር በታች አይጎተትም።

ከአካባቢ አካባቢ የሚለየውም ብዙ ነው። በጎጃም ገጠር አረንጓዴ ቁምጣና ጃኬት ለብሶ ዱላ የያዘ ወጣት ለሠርግ እንደ ለበሰ ይቆጠራል፤ ማንም «ሱሪህስ?» አይለውም። በመንዝ ከበግ ጸጉር የተሠራ በርኖስ የደረበ አዛውንት ከማንኛውም ኮት በላይ ይከበራል። በወሎ ቆላማ ክፍሎች ሽርጥ የወንድ ልብስ ነው። ከሌላ አካባቢ የተጋበዘ እንግዳ የደጋሹን አገር ልብስ ለብሶ ለመምሰል መጣጣር የለበትም፤ የራሱን አገር ንጹሕ ልብስ ለብሶ ቢመጣ ደጋሹ በእንግዳው አገር ስም ሊያስጨፍርለት ይችላል።

የአየሩም ነገር አይዘነጋም። በጥር ደጋው ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል። በጉና ዙሪያ ወይም በደብረ ብርሃን አካባቢ የሚያድር እድምተኛ ስስ ነጠላ ብቻ ይዞ ከሄደ ሌሊቱን ሲንቀጠቀጥ ያነጋል፤ ጋቢ ያስፈልገዋል። መተማ ለወረደ ግን ጋቢው ሸክም ነው። በእግር ረጅም መንገድ የሚጓዝ ሰው በላስቲክ ጫማ ተጉዞ፣ ንጹሑን ጫማ በፌስታል ይዞ፣ ዳሱ አጠገብ ሲደርስ እግሩን ታጥቦ መቀየሩ የቆየ ብልኀት ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሥርዓቱ የት ነው? ሙሽሮቹስ ምን ይለብሳሉ?

ጋብቻው በተክሊል ከሆነ ሥርዓቱ በማለዳ ከቅዳሴው ጋር ይፈጸማል። ወደ ቤተ መቅደሱ የሚገባ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ስለዚህ ረጅም ማሰሪያ ያለው ጫማ በሰው ፊት ጎንበስ ቀና ያሰኛል፤ የተቀደደ ካልሲም ይታያል። ሴቶች ጸጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ ቀሚሱም ረጅም ሊሆን ይገባል። ከዚያው ቀጥሎ በከተማ አዳራሽ ግብዣ ካለ፣ ትከሻን ገልጦ የሚያሳይ ቀሚስ መልበስ የምትፈልግ ወጣት ቀሚሱን ለከሰዓቱ ብታቆየው ከሁለቱም ቦታ ጋር ትስማማለች።

ኒካህ በሚታሰርበት ቤት ሴት እድምተኛ ጸጉሯንና ክንዷን የሚሸፍን ልብስ ከለበሰች በቂ ነው፤ ለክርስቲያን ጎረቤት ነጠላዋ ይህንኑ አገልግሎት ይሰጣል። በወሎ የሁለቱ እምነት ጎረቤታሞች በአንዱ ድግስ ሌላው መታደሙ የቆየ በመሆኑ ይህ ለአገሬው አዲስ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ለሚሄድ ግን ቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ሙሽራዋ ቬሎ የምትለብስ ከሆነ ሌላዋ ሴት ነጭ የተንዠረገገ ረጅም የድግስ ቀሚስ አትልበስ። ይህ ግን የሐበሻ ቀሚስን አይመለከትም፤ ነጩ የጥበብ ቀሚስ የሁሉም ሴት የደስታ ልብስ ነው፤ ከሙሽራዋ ጋር እንደ መፎካከር አይቆጠርም። በመልስ ዕለት ሙሽሮቹ ካባ ይደርባሉ፤ እንግዳ ካባ ደርቦ መምጣት በዚያ ቀን ቦታን መሳት ነው።

ጥቁር ልብስ በየጊዜው የሚያከራክር ነው። ወጣት ወንዶች ጥቁር ሙሉ ልብስ ሲለብሱ አሁን የሚቆጣ የለም። ከራስ እስከ እግር ጥቁር የለበሰች ሴት ግን በገጠር ዳስ ውስጥ «ማን ሞቶባት ነው?» መባሏ አይቀርም። በእርግጥም ሐዘን ላይ ያለ ሰው ከተጠራ ከቤተ ዘመድ ሽማግሌ ጋር ተመክሮ ለዕለቱ ጥቁሩን መለወጥ፣ አለዚያም ሌላ የቤተሰብ አባል መላክ ይሻላል፤ ሐዘንተኛውም ደጋሹም አይጨነቁም።

በቅርብ ዓመታት ከከተማ ወደ ገጠር የዘለቀው የአንድ ዓይነት ልብስ ልማድ ግን ብዙ ሊባልበት ይገባል። ሚዜዎች መመሳሰላቸው የታወቀ ነው። አሁን ግን የሙሽራዋ አብሮ አደጎች፣ የአክስት ልጆች፣ አንዳንዴም ጎረቤቶች በአንድ ቀለም እንዲያሰፉ ይጠየቃሉ፤ ክፍያው በየራሳቸው ነው። ሦስት ሠርግ ያለባት የገበሬ ልጅ ሦስት ቀለም ቀሚስ ልታሰፋ ነው፤ ያን ቀሚስ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ የምትለብሰው እምብዛም ነው። ደጋሾች አንድ ቀለም ካስፈለጋቸው ልብሱን ሳይሆን ጥለቱን፣ ወይም ሻሹን ብቻ እንዲመሳሰል ቢጠይቁ ውበቱ አይጎድልም፤ የእህሉም ጎተራ አይነካም። ጥያቄው የቀረበላት ወጣትም አቅሟን አስቀድማ በግልጥ ብትናገር ከነውር አይቆጠርባትም።

መግዛት የግድ ከሆነ

መግዛት የግድ ከሆነ ለጥር ሳይጠበቅ ቀደም ብሎ ማዘዝ ይጠቅማል፤ በሠርግ ወቅት በሸማኔው እጅ ሥራ ስለሚበዛ ዋጋውም ጥራቱም የገዥ ወገን አይሆንም። በገጠር የሚቻል ሌላም መንገድ አለ። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ እናቶች በእንዝርት ፈትለው ማግ ያዘጋጃሉ፤ ለሸማኔው የሚከፈለው የድሩና የእጁ ዋጋ ብቻ ነው። የመተማን ጥጥ በክረምት ምሽቶች ፈትሎ ማቆየት የቻለ ቤት በጥር ለልብስ ብሎ እህል አይሸጥም።

ከመደብር የሚገዛ ሰው ጨርቁን ገልብጦ ይመልከት። በሽመና የተሠራ ጥለት ክሩ በጀርባውም በኩል ይታያል፤ በፋብሪካ የታተመ አስመሳይ ግን ከጀርባው ቀለሙ የደበዘዘ ነው። የታተመውን መልበስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ በሽመና ዋጋ መሸጡ ነው። ፈትል በመጀመሪያው እጥበት እንደሚሰበሰብ ታውቆ ቀሚሱ በርዝመቱ ትንሽ ትርፍ ይኑረው። ሳባ የሚባለው የሚያብረቀርቅ ክር ለአዳራሽ ያምራል፤ ጭስና አቧራ ባለበት ዳስ ግን ፈትሉ ይበልጥ ይችላል።

አጠባና አያያዝ

ነጭ የጥጥ ልብስ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ ተዘፍዝፎ በእጅ ታሽቶ ይታጠባል። እንደ ገመድ መጠምዘዝ ድሩን ያላላዋል፤ ውኃው በእጅ ተጫን ተጫን ተደርጎ ቢወጣ ይሻላል። ባለ ጥለቱ በቀዝቃዛ ውኃ ለብቻው ይታጠብና ጥላ ሥር ይሰጣ፤ ቀለሙ ከለቀቀ ነጩን ያበላሻልና። በረኪና ነጩን ቢያነጣም ክሩን ያደክማል፤ የጥለቱንም ቀለም ይበላል።

በብዙ ገጠር ጋቢና ነጠላ የሚያነጣው እንዶድ ነው። ፍሬው ሳይበስል ተለቅሞ፣ ደርቆና ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ይህ የእናቶች ዕውቀት ለዓለም ሳይንስ የተረፈ ነው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው የወንዝ ክፍል ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፣ እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ለማረጋገጥ በቅተዋል። እርሳቸውና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ያው ኃይሉ ዓሣንም ስለሚጎዳ፣ በእንዶድ የሚያጥብ ሰው በገንዳ ወይም በሳፋ አጥቦ እጣቢውን ከምንጭና ከወንዝ ርቆ ቢደፋ መልካም ነው።

በድግስ ላይ ወጥ ልብስ ላይ ቢፈስ መፈተግ ቅባቱን ያሰፋዋል። ዱቄት ነስንሶ ቅባቱን እስኪመጥ መተው፣ ከዚያ አራግፎ በሳሙና ማጠብ ይቀልላል። አልጫው የተወው የእርድ ብጫ ከታጠበ በኋላ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል፤ ጥለቱ ግን በጨርቅ መሸፈን አለበት። ሹሩባዋን በቅቤ ያረሰረሰች ሴት ከነጠላዋ በፊት ሻሽ ትሰር። የነጠላ ትልቁ ጠላት ከወጡ ይልቅ ይህ ቅቤ ነው።

ከድግስ የተመለሰ ልብስ ሳይታጠብ ሳጥን አይገባም። በደንብ ሳይደርቅ ከታጠፈ ይሻግታል፤ ሻጋታ በነጭ ጥጥ ላይ የሚተወው ነጥብ ደግሞ አይለቅም። የጥጥ ልብስ ጠላቶች ሻጋታና አይጥ ናቸው፤ ብል የሚበላው እንደ በርኖስና ባና ያለውን የበግ ጸጉር ነው። ስለዚህ በርኖስ በየጊዜው እየወጣ ፀሐይ ይምታው፣ ይራገፍ። በቀበርቾ ማጠን ለልብሱ መልካም ሽታ ይሰጠዋል፤ የረጠበውን ግን አያደርቅም።

የራሱ የሌለው ሰው ደግሞ ይዋሳል። የውሰት ልብስ በገጠር የኖረ መደጋገፊያ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ነጠላ ሲሰጥ ኖሯል። የሚከብደው ወርቅ ነው፤ ቢጠፋ የሚተካው ከከብት ሽያጭ በመሆኑ ድሪና መስቀል ባይዋሱ ይመረጣል። ልብሱን የተዋሰ ሰው ሲቀበል ያለውን እድፍና ቀዳዳ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይይ፤ ሲመልስም አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፎ ይመልስ። ባለቤቱ ሌላ ሠርግ ካለበት ደግሞ ከዚያ በፊት ለማጠቢያና ለማድረቂያ የሚሆን ሁለት ቀን ይተርፈው ዘንድ የሚመለስበት ዕለት ልብሱ ከቤት ሳይወጣ ይነገር።